ማንቂያ፦ ማብቂያ የሌለው ጨዋታ ቤታችን ገብቷል

የጫጫ ወላጆች፣ የጫጫ መምህራን፣ የእድር ዳኞች፣ እናንተም ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ወጣቶች፤ ስሙኝ። ሰኔ እየተጋመሰ ነው፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በዚህ ደጋ ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። ዝናቡ አያባራም፣ ብርዱ ከምድጃ ዳር አያስነሳም፣ ልጅ ቤት ይውላል። እጁ ላይ ስልክ አለ። በዚያ ስልክ ደግሞ ሁለት ነገሮች በአንድ በር ገብተዋል፤ አንዱ ጨዋታ ነው፣ ሌላው ጨዋታ የለበሰ ቁማር ነው። ሁለቱን ሳንለይ ክረምቱ ከገባብን፣ መስከረም ላይ ወደ ክፍል ከሚመለሱት ልጆቻችን መካከል እዳ ተሸክመው የሚመለሱ ይኖራሉ።

ጨዋታን ልኮንን አልተነሣሁም። ልጅ ካልተጫወተ ልጅ አይደለም። ነገር ግን ጨዋታ ሰውን ለምን እንደሚይዝ የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ያን እውቀት ደስታ ለመስጠት ሲጠቀሙበት አንዳንዶቹ ኪስ ለማጠብ ይጠቀሙበታል። እኛ ወላጆች ግን ምን እንደያዘው ሳናውቅ ልጁን «ሰነፍ»፣ «ባለጌ» እያልን እንናገረዋለን።

እናት ራት አቅርባ ትጣራለች። «መጣሁ እማዬ፣ ይቺን ልጨርስ» ይላል። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ደግማ ትጣራለች፣ መልሱ ያው ነው። ልጁ እናቱን መናቁ አይደለም። ሰዓቱ በእርግጥ ጠፍቶበታል፤ አምስት ደቂቃ የመሰለው ጊዜ አንድ ሰዓት ሆኗል።

ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ሰው ነበር። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ይባላል፤ ከሃንጋሪ ቤተሰብ የተወለደ፣ በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። የያዘው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ገንዘብም ሹመትም የማያገኝበትን ነገር እስኪደክመው ድረስ ለምን ይሠራል? ገደል የሚወጡ ሰዎችን፣ ሰንጠረዥ ተጫዋቾችን፣ ዳንሰኞችን፣ ቀዶ ሐኪሞችን ጠየቀ። ሥራቸው የተራራቀ ቢሆንም የነገሩት ተመሳሳይ ነበር፤ ራሴን እረሳለሁ፣ ሰዓቱ ይጠፋብኛል፣ እጄና ሐሳቤ አንድ ይሆናሉ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1975 በመጽሐፍ አሳተመው፣ በ1990 ደግሞ ለሰፊው አንባቢ ጻፈው። ስሙን ፍሎው አለው፤ እኛ ተመስጦ እንበለው።

ተመስጦ የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። የሚደረስበት ግብ ግልጽ መሆን አለበት። የሠራኸው መልካም ይሁን መጥፎ ወዲያው ሊታወቅህ ይገባል። የሥራው ክብደትም ከችሎታህ ጋር መመዛዘን አለበት፤ ከከበደህ ትጨነቃለህ፣ ከቀለለህ ትሰለቻለህ፣ ልክ ሲሆን ግን ዓለሙን ትረሳለህ።

ይህ ለእኛ አገር ባዳ አይደለም። የገና ዕለት ዱላውን ይዞ ሩሯን የሚያሳድድ ጎረምሳ እሾህ ቢወጋው አይሰማውም። ከጫጫ አጠገብ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት አገር ናት፤ በዚህ ሜዳ ጉግስ የሚጋልብ ፈረሰኛ ዘንግ ሲወረወርበት የሚያስበው ሌላ ነገር የለም። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ፣ ዝተት የሚሠራ የመንዝ ሸማኔ፣ ገበጣ ላይ የተጎነበሱ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ያውቁታል። ተመስጦ ሰው ሥራውን እንዲወድ፣ እውቀት እንዲጨምር፣ ከሐዘኑም ለጥቂት እንዲያርፍ የሚያደርግ ትልቅ ስጦታ ነው። የምጮኸውም ስጦታው ትልቅ ስለሆነ ነው። ቺክሰንትሚሃይ ራሱ ተመስጦ በራሱ በጎ ብቻ አለመሆኑን፣ ሰውን ሊያስር እንደሚችልም ጽፏል።

የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ትምህርት ከማንም በላይ አጥንተውታል። ጄኖቫ ቼን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በዚሁ በተመስጦ ላይ ነው። ጀማሪውም የለመደውም የጨዋታውን ክብደት እየተጫወተ ራሱ የሚመርጥበትን ዘዴ አበጀ፤ ኋላም በ2012 ጆርኒ የተባለውንና ብዙዎች እንደ ጥበብ ሥራ የሚያዩትን ጨዋታ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። በአገራችን ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ዶሮ እየሮጠች የምታመልጥበትን ኩኩሉን ሠርቷል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ይህ ሙያ ነው፤ ከጫጫ ልጆች መካከልም ነገ በዚህ ሙያ እንጀራ የሚበላ ቢወጣ ደስታዬ ወደር የለውም።

እዚህ ላይ ግን መምህራንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁ ጨዋታ ላይ ሲሳሳት በዓይን ጥቅሻ ይነገረዋል፤ እንደገና ይሞክራል፣ ይሻሻላል፣ መሻሻሉንም ያያል። ክፍል ውስጥ ሲሳሳትስ? ደብተሩ ሳይታረም ይሰነብታል። የፈተናው ወረቀት ሲመለስ ጥያቄውን ራሱ ረስቶታል። ለጎበዙ ትምህርቱ ይቀላል፣ ወደ ኋላ ለቀረው ይከብዳል፣ ሁለቱም ግን አንድ ገጽ ላይ ናቸው። መምህሩን አልወቅስም፤ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? ግን እውነቱን እንወቅ። ልጁ ወደ ስልኩ የሚሮጠው አእምሮው ስለሰነፈ አይደለም። አእምሮው ተግቶ መሥራት ይፈልጋል፣ ወዲያው መልስ የሚሰጠው ደግሞ ስልኩ ብቻ ሆኖ አገኘው። አሥር ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ እዚያው በዚያው እርስ በርስ ማስተራረም ወጪ የለውም። ይህን የሚያደርግ መምህር ከስልኩ ጋር እኩል ይወዳደራል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልግባ።

የድሮው ጨዋታ ሁሉ ማብቂያ ነበረው። ገና ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናል፤ ሩሯ ካልታየች ጨዋታ የለም። ገበጣ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። ብይ የሚጫወት ልጅ ብዩን ከተበላ እጁን አራግፎ ይሄዳል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከብቱ ወደ ቤት ሲዞር ይከተላሉ። ተጫዋቹ ራሱን ባይገዛ እንኳ ፀሐዩ፣ ጠጠሩ፣ ከብቱ፣ የጓደኛው ድካም ይገዙት ነበር።

ፕሌይስቴሽን ቤት እንኳ ይህ ሕግ አለው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ፣ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ይጮሃሉ፣ ጨዋታው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፣ የተሸነፈው ይነሣል። ሳቅ አለ፣ ንትርክ አለ፣ ጓደኝነት አለ። በትምህርት ሰዓት ልጅ የማያስገባ፣ በገንዘብ መወራረድንም የሚከለክል ቤት ከሆነ እኔ አልፈራውም። በዚህ የማይስማሙ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልጅን ከጓደኞቹ መካከል አውጥቶ ለብቻው ከብርድ ልብሱ ስር ከስልክ ጋር መተው የከፋ ነው።

ስልክ ላይ ተራ የሚጠብቅ የለም። አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይከፈታል። ዛሬ ካልገባህ የትናንቱ ሽልማት ይቋረጥብሃል፤ ሌሊት ከገባህ ልዩ ስጦታ አለህ። ስጦታው ምን እንደሆነ ሳጥኑ ሳይከፈት አይታወቅም። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ቆየት ያለ ምንጭ አለው። ቢ ኤፍ ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከርግብና ከአይጥ ጋር በሠራው ሙከራ እንዳሳየው፣ ቁልፉ በተነካ ቁጥር እህሉ ከሚመጣ ይልቅ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ አልፎ አልፎ ሲመጣ እንስሳው ሳይሰለች ይነካካል። እህሉ ቢቋረጥም እንኳ ቶሎ አይተውም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ የዕድል ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ብላ ከለከለች። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወቱ ወሰነች። ቻይና የሄደችበት መንገድ ለእኛ ይሁን አልልም። ታላላቅ መንግሥታት ጉዳዩን የልጅ ነገር ብለው እንዳልተዉት ግን ልብ በሉ።

2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ቴሌግራም ላይ ሃምስተር ኮምባት የሚባል ነገር መጣና ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ጣት ሁሉ ስክሪን ይደበድብ ጀመር። ጨዋታ ነው ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ መንካት ብቻ ነበር። ሲነኩት ቁጥሩ ያድጋል፣ ቁጥሩ ሲያድግ ልብ ያድጋል። አንድ ቀን ዶላር ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው። መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳንቲሙ ገበያ ሲወጣ የአንዱ ዋጋ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም እምብዛም አልበለጠም፤ ብዙዎች ለወራት ድካማቸው ጥቂት ዶላር ብቻ አገኙ። ያን ጊዜ የጠፋው ጊዜ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ገንዘብም ይወስዳል።

አቪዬተርን የማታውቁ ወላጆች ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ያውቁታል። ስክሪኑ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ትነሣለች። ስትወጣ ያስያዝከው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር አብሮ ይወጣል፤ አንድ ተኩል፣ ሁለት፣ አምስት። አውሮፕላኗ በድንገት ሳትሰወር «ካሽ አውት» የሚለውን ቁልፍ ከነካህ ገንዘቡ ያንተ ነው፣ ከቀደመችህ ተበላህ። በሰከንዶች ውስጥ ሌላ ዙር ይጀምራል። ጎን ላይ የሌሎች ተጫዋቾች ድል ይዘረዘራል። ጨዋታውን ስፕራይብ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሲሆን አሁን በየአገሩ በውርርድ ድረ ገጾች ላይ ተሰቅሏል።

የተመስጦን ሦስት ነገሮች እዚህ ላይ አስተያዩ። ግቡ ግልጽ ነው። መልሱ ፈጣን ነው። ሦስተኛው ግን የለም፤ ችሎታ የለም። አውሮፕላኗ የት ላይ እንደምትጠፋ የሚወሰነው በኮምፒውተር ዕጣ ነው፣ ያለፈው ዙር ስለሚመጣው ምንም አይናገርም። ልጁ ግን «ለመድኩት»፣ «አካሄዷን አወቅሁ» ይላል። እንዲህ የሚለው ስላበደ አይደለም። ኤለን ላንገር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳዩት፣ ሰው ዕጣውን በእጁ እንዲመርጥ ወይም ራሱ እንዲሳተፍ ከተደረገ በዕጣው ላይ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል። የካሽ አውት ቁልፉ ሥራ ይኸው ነው፤ ልጁ ዕጣ እየወጣበት ሳለ የሚጋልብ ይመስለዋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደሚናገሩት ጨዋታው ከተያዘው ገንዘብ በአማካይ 97 በመቶውን ይመልሳል። ጥሩ ይመስላል። ግን በእያንዳንዱ ዙር ነው። አንድ ልጅ በየዙሩ 50 ብር እያስያዘ 100 ዙር ቢጫወት 5,000 ብር አስይዟል፤ በአማካይ 150 ብር አጥቷል። መቶ ዙር ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም። ያገኘውን እየመለሰ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያስይዝ ከሆነ የበለጠ ፈጥኖ ባዶ ይቀራል። አንድ ቀን አሥር እጥፍ የበላ ልጅ ወሬው ከተማውን ይዞራል፤ የተበሉት ግን አያወሩም።

በቤቲንግ ቤት የሚቆረጠው የኳስ ቲኬትም ከዚህ አይርቅም። «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም። አሥር ጨዋታ መረጠ፣ ዘጠኙ ደረሰ፣ አንዱ አበላሸው፤ ስለዚህ ቀርቤ ነበር ይላል። የእያንዳንዱ ጨዋታ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው እንበል። አሥሩም የሚደርሱት ከ1,024 ቲኬት በአንዱ ነው። ዘጠኙ ደርሶ አንዱ የሚበላሸው ግን በ10ሩ ነው። ማለት «ለጥቂት ሳትኳት» የሚያሰኘው ቲኬት ከሚያበላው አሥር እጥፍ ይበዛል። ሉክ ክላርክና ባልደረቦቻቸው በካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ለጥቂት የተሳተ ዕጣ በአንጎል ውስጥ የማሸነፍን መንገድ እንደሚቀሰቅስ፣ ሰውየውንም ለሌላ ዙር እንደሚያነሣሳ አሳይተዋል። መሸነፍ ማሸነፍ ሆኖ ይሰማዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን የናታሻ ሹል ሥራ ነው። እኚህ አንትሮፖሎጂስት ላስ ቬጋስ ውስጥ በቁማር ማሽን የተያዙ ሰዎችን ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትመዋል። ያነጋገሯቸው ሰዎች የሚጫወቱት ለማሸነፍ አልነበረም። እዚያው ውስጥ ለመቆየት ነበር፤ ቤት፣ ልጅ፣ እዳ፣ ሰውነት ሁሉ በሚረሳበት ቦታ። ለአንዳንዶቹ ማሸነፍ ራሱ እንቅፋት ነበር፣ ጨዋታውን ያቋርጥባቸዋልና። ገደል የሚወጣው ሰው የነገረንና እነዚህ ሰዎች የነገሩን ተመስጦ ቃሉ አንድ ነው፤ አንዱ ግን ከገደሉ ሲወርድ የበለጠ ሰው ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ከማሽኑ ሲነሣ ባዶ ሆኖ ይነሣል። ላስ ቬጋስ ለመግባት ያኔ አውሮፕላን መሳፈር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ያ ማሽን በልጁ ኪስ ውስጥ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀሎልናል፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም በረከት ነው። ነገር ግን ብር ከእጅ ሲወጣ የነበረው ትንሽ ቁጭት፣ ትንሽ ማመንታት፣ በጣት ንክኪ ቀርቷል።

ወላጆች ሆይ፣ የሚጫወት ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ የጨዋታ ሕመምን ከቁማር ሕመም ጎን አስቀምጦታል፤ መለኪያውም ጥብቅ ነው። መጀመሩንም ማቆሙንም መግዛት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከትምህርቱ፣ ከእንቅልፉ፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ዱላ አይፈውሰውም፤ ስድብም ወደዚያው ወደ ስልኩ ይገፋዋል። ደብረ ብርሃን ቅርብ ነው፣ ሆስፒታል አለ፤ ወስዳችሁ ሐኪም አማክሩ። ገንዘብ የገባበት ከሆነ ግን ዓመት አትጠብቁ። ከቤት ዕቃ ሲጠፋ፣ በብድር ሲጠየቅ፣ ስልኩን ደብቆ ሲያነጋ፣ በዚያው ሳምንት አነጋግሩት።

እንዴት እንደምታነጋግሩትም ልንገራችሁ። «ጣለው» ብላችሁ አትጀምሩ። ጎኑ ተቀመጡና «እስቲ አሳየኝ» በሉት። እንዴት እንደሚጫወት ያስረዳችሁ። ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ይህ ነገር የት ላይ ያልቃል? በዚህ ወር ከባለፈው ወር ምን የተሻለ ታውቃለህ? ገንዘብ ይጠይቃል ወይ? የሚያልቅ፣ ችሎታ የሚጨምር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ከሆነ ሰዓት ወስኑለትና ተዉት፤ እናንተም አንድ ዙር ሞክሩ። ማብቂያ ከሌለው ማብቂያውን እናንተ ሁኑ፤ ማታ ስልኩ ከእናንተ ጋር ይደር። ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ድርድር የለም።

አንተ ወንድሜ፣ አቪዬተር ውስጥ ያለኸው፣ ያጣኸውን ለማስመለስ ዛሬ ማታ እንደገና ልትገባ እንዳሰብክ አውቃለሁ። አትግባ። የጠፋው ጠፍቷል። ለታላቅ ወንድምህ ወይም ለምታምነው ሰው ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ንገረው፤ የተደበቀ እዳ ነው ሰውን የሚገድለው። ያ ሰዓቱን የሚያስረሳህ አእምሮ ኮምፒውተርም ትማርበታለህ፣ ዝተትም ትሠራበታለህ፣ እንግሊዝኛም ታጠናበታለህ፤ ያንተ ነው፣ ለዕጣ ማሽን አትስጠው።

የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶች፣ በራችሁ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፤ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይገባም፣ በገንዘብ መወራረድ ክልክል ነው። የእድር ዳኞች፣ የሐምሌው ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ይህን በአጀንዳ ያዙ። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ኃላፊዎች፣ ለወጣቱ የክረምት ሜዳና ክፍል አዘጋጁ፤ ገና የሚመታው በዓመት አንዴ ብቻ መሆን የለበትም፣ ገበጣና ሰንጠረዥ ደግሞ ዝናብ አይከለክላቸውም። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ጀምሩ።